ዳማ የማን ነው?

መቱ፣ የካቲት 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመገርሳ ዲንቃ፤ ቶሪኖ ከተማ።

ባሕር ተሻግሮ የሚደርስ ሰላምታ ከእኔ ከፈትለወርቅ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ ስሙ ይክበርና ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ሲል የሚውል ነው፤ ብዙ አላማውም።

«ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከእናትህ ጋር የአክስትና የአጎት ልጆች ነበሩ። ዝምድናችን ቀጭን ነው። ግን በክር የምትተዳደር ሴት ቀጭን ነገር አትንቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመቱ ጎረምሶች የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመዋል። አለቃቸው ማሙሽ ነው፤ ቡና ገዢው ቤት ሚዛን ላይ የሚጽፈው ቀጭኑ ልጅ። በመጪው ጥቅምት 23፣ በጃንሆይ የዘውድ በዓል፣ ጎሬ ወጥተው ከጎሬ ልጆች ጋር ይጋጠማሉ። ማሊያውን እንድሰፋ እኔን አዘዙኝ። ደረቱ ላይ ስም መጻፍ አለበት፤ ስም የሌለው ቡድን አይመዘገብም ተብሏል። ጎሬዎች «አንበሳ» ብለው ተገላገሉ። አውቶቡሱ አንበሳ፣ ሳንቲሙ ላይ አንበሳ፣ አሁን ደግሞ የጎሬ ልጆች አንበሳ!

የኛዎቹ ግን ሊጣሉ ደረሱ። አንዱ በወንዛችን ፏፏቴ ስም «ሶር እንባል» ሲል ሌላው «ሶርማ የሚታወቀው በመውደቁ ነው፤ ሳንጫወት እንውደቅ?» አለው። «ቡና» ያለም ነበር። «ተቆልተን ተወቅጠን እንድንመለስ ነው?» ብለው አባረሩት። በመጨረሻ ማሙሽ «ዳማ» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ።

የአጎትህን ፈረስ ዳማን የማያውቅ በመቱ የለም። ወንድ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ አባ ዳማ ናቸው፤ አራርሳ መባላቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ፈረሱ ከሞተ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን አልሞተም።

ይህን የሰማ ዳምጤ ደግሞ ብቅ አለ። ዳምጤ የጭነት መኪና ገዝቶ ከቡሬ እስከ ጎሬ ቡና ያመላልሳል። መኪናው ግንባር ላይ የሚጻፍ ስም አጥቶ ሰንብቷል። «ዳማን ለመኪናዬም ካገኛችሁልኝ ቡድኑን ጎሬ ድረስ በነጻ እወስዳለሁ» አለ። ተያይዘው ወደ ሶር፣ አጎትህ ቤት ሄዱ። እሳቸው እርጎ አቀረቡላቸው፣ መረቋቸው፣ ስለ ስሙ ሲጠየቁ ግን «ዳማ የኔ አይደለም» አሉ። ሌላ ቃል የለም። ፈረሱ ከሞተ ወዲህ በቅሎ ላይ እንኳ ወጥተው አያውቁም፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በእግራቸው ነው። ሐዘናቸው አልወጣላቸውም ብለን ተውናቸው።

አባትህ ሲሞት ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው። ያንተን ቃል አይገፉም፤ ጻፍላቸው። ደግሞ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠህ የመኪናና የቡድን ስም ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ አትቀርም፤ እሱንም ንገረን። መቼ ነው የምትመጣውስ? ለሥልጠና ብለህ ሄደህ አራተኛ ዓመትህን ያዝክ።

እመብርሃን ከክፉ ትጠብቅህ።
ፈትለወርቅ

—

ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ፤ መቱ።

እጅ ነስቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የላኩት ደብዳቤ ደርሶኝ እየሳቅሁ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አብሮኝ የሚያድረው ሰው ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

አሁን የምሠራው ያለቀለት መኪና አፍንጫ ላይ የስም ሰሌዳ በሚገጠምበት ክፍል ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ ትክክለኛ ሰው ላይ ነው የወደቀው። ፊያት ማለት የአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ነው፤ የጣሊያን የመኪና ፋብሪካ፣ ቶሪኖ እንደ ማለት። መኪኖቹን ደግሞ በቁጥር ነው የሚጠሯቸው፦ ስድስት መቶ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ። አጎቴ ቢሰሙ «ምነው፣ እስረኛ ናቸው?» ይሉ ነበር። መርሴዲስ ግን የሴት ልጅ ስም ነው። መኪናውን ይሸጥ የነበረ ሰው በሴት ልጁ ስም አስጠራው።

እዚህ ከተማ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች አሉ። አንዱ በከተማው ስም ይጠራል፤ አርማውም ኮርማ ነው። ሌላውን የተማሪ ቤት ልጆች መሥርተውት በላቲን «ወጣትነት» ብለው ሰየሙት። ዛሬ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ሁሉ ስታዲዮም ገብቶ «ወጣትነት!» እያለ ይጮኻል። በእንግሊዝ አገርም የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት አለ፤ ስሙም የመሣሪያ ግምጃ ቤት ማለት ነው።

አንዱ ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል። የሚዘል ጥቁር ፈረስ ምልክቱ የሆነ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና አለ። ፈረሱ መጀመሪያ በጦርነት የሞተ የአንድ አብራሪ ነበር፤ በአይሮፕላኑ ላይ አስሎት ነበር ይላሉ። እናቲቱ ናት አሉ ለመኪና ሠሪው «የልጄን ፈረስ ውሰድ፤ ገድ ይሆንልሃል» ያለችው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ስም ከባለቤቱ አፍ ሲሰጥ ነው የሚያምረው።

ስለ አጎቴ ያሉኝን ተረድቻለሁ። ስለ ዳማ አፌን ሞልቼ መጠየቅ የምችል ሰው ግን አይደለሁም። ምክንያቱን ሆድ ይፍጀው። እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ስለ መምጣቴ ገና የተቆረጠ ነገር የለም።

አክባሪዎ፣
መገርሳ

—

መቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመገርሳ።

ደኅና ነህ ወይ? እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡ ጀምሯል።

ስለ መምጣትህ ጠየቅሁህ፤ ስለ መርሴዲስ ነገርከኝ። ይሁን፤ ስለ መርሴዲስም እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አገሩ ሁሉ በር ላይ ቆመ። የዳምጤ ሚስት ሻሽቱ ወዲያው «እንግዲያው መኪናውን በኔ ስም ጥራው» አለችው። ያ ብልጥ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ስምሽ ላይ ጭቃ ሲረጭ አላይም።» ሴቲቱ ፈገግ ብላ ተመለሰች። ወንድ ሲያመልጥ እንዲህ ነው።

የአብራሪውን እናት ነገር ግን በሱቅ አላነበብኩትም። ራሴ ሶር ድረስ ሄጄ ለአጎትህ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። አማርኛውን አጥተውት አይደለም፤ የልብ ነገር ግን በናት አፍ ይሻላል ብዬ ነው። በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ያቺ እናት ልጇ ከሞተባት በኋላ ነው ወይ የሰጠችው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ስሙ አንድ ነገር ሳይሉ «መገርሳ ይበላል ወይ? እዚያ አገር ምን ያበሉታል?» አሉ። ሲሸኙኝም መንገድ ድረስ እሱኑ ነው የሚጠይቁኝ።

እስቲ አንተ ልጅ፣ በመካከላችሁ ምን አለ? በዚህ ሁሉ ዓመት ለእሳቸው በቀጥታ አንድ መስመር ጽፈህ አታውቅም። ሁልጊዜ በኔ በኩል «እጅ ነስቷል ይበሉልኝ» ነው። እሳቸውም «ይምጣ» አይሉም፣ አንተም «እመጣለሁ» አትልም። የሁለታችሁን ዝምታ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ዝምታ ደግሞ ከቡና ጆንያ ይከብዳል። የተቀየምከው ነገር ካለ ንገረኝ። ያስቀየምከውም ካለ ንገረኝ።

የሴት ነገረኛ አትበለኝና ቶሎ መልስልኝ።
ፈትለወርቅ

—

መቱ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

መገርሳ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ሐምሌን ጠበቅሁህ፣ ነሐሴም ገባ፣ ፖስታ ቤቱ «የለም» ማለት ሰልችቶት አሁን ከሩቅ ሲያየኝ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል።

የዳምጤ መኪና የጎሬ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎተተ። ልጆቹ «ይህንን ነው ዳማ የምትለው?» እያሉ ሲያበሽቁት ሰነበቱ። ማሊያዎቹ ተሰፍተው አልቀዋል፤ ነጭ ናቸው፣ ደረታቸው ባዶ ነው። ማሙሽ በየሳምንቱ እየመጣ ባዶውን ደረት ያይና ይሄዳል። እኔም ከሱ ጋር ማየት ጀምሬያለሁ።

ተቆጥቼ ጽፌ ከሆነ ይቅር በለኝ። ዝም ስትል የታመምክ እየመሰለኝ ነው። አለሁ ብቻ በለኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።
ፈትለወርቅ

—

ቶሪኖ፣ መስከረም 1 ቀን 1955 ዓ.ም.

እትዬ ፈትለወርቅ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። አልታመምኩም። የሰኔው ጥያቄዎ ነው ያቆመኝ። ለመመለስ ብዙ ጊዜ ጀመርኩ፣ ብዙ ጊዜ ቀደድኩ። ዛሬ የአገሬ ዓመት ሲብት ብቻዬን ተቀምጬ ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

ዳማን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ልጅ ነበርኩ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በክረምት ደረቴን ያዘኝና ትንፋሽ አጠረኝ። ሐኪም ያለው ጎሬ ነው። አጎቴ በቡሉኮ ጠቅልለው ከፊታቸው አስቀምጠውኝ በዳማ ወጡ። ከዚያ መንገድ የማስታውሰው የዳማን አንገት ነው፤ ትኩስ ነበር፣ አረፋ ነበረው፣ ጭቃው ጆሮው ድረስ ይረጭ ነበር። አጎቴ ፈረስ የማይመቱ ሰው፣ ያን ቀን ሲመቱት ሰማሁ። ሐኪም ቤት ደረስን። እኔ ገባሁ፤ ዳማ በሩ ላይ ወደቀ።

ድኜ ስወጣ ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። አጎቴ ኮርቻውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ እጄን ይዘው፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ኮርቻ ላይ አልወጡም። በዝናብም በፀሐይም በእግራቸው ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር «በኔ ምክንያት ነው» እል ነበር። አዲስ አበባ ጋራዥ ስገባ ደስ ያለኝ ርቄ ስለሄድኩ ነው፤ እዚህ ስመጣም የበለጠ ስለራቅሁ። «ዳማ የኔ አይደለም» ማለታቸውን ሲጽፉልኝ ልቤ ተሰበረ። ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም የነጠቅኳቸው መሰለኝ።

አመስግኛቸው አላውቅም፣ እትዬ። በኛ ዘንድ ያሳደገን ሰው ማመስገን እንደ ባዳ መቁጠር ነው ብዬ ተውኩት። እውነቱ ግን ያ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

እባክዎን ይህን ለእሳቸው ያንብቡላቸው፦ «አጎቴ፣ በሕይወት ያለሁት በእርስዎና በዳማ ነው። የምበላው እንጀራ፣ የያዝኩት ሙያ፣ ይህን የሚጽፈው እጄ የእርስዎ ነው። ገለቶማ፣ አመሰግንዎታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳልለው ስለቀረሁ አፍራለሁ።»

ስሙን ስጡ ብዬ አልለምናቸውም። ምስጋና አስቀድሞ ልመና ማስከተል ነውር ነው። ማሊያው ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ።

የእርስዎው፣
መገርሳ

—

መቱ፣ ኅዳር 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለወንድሜ ለመገርሳ።

የልቤ ሰላምታ ይድረስህ። ተቀምጠህ አንብብ፤ ቆመህ አይሆንም።

ደብዳቤህ ጥቅምት ሲገባ ደረሰኝ። ሱቄን ዘግቼ በዚያው ቀን ሶር ሄድኩ። አጎትህ እንሰታቸውን ሲያጸዱ አገኘኋቸው። የጻፍከውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ አንድ ቃል አላስቀረሁም። «ዳማን የገደልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ስጨርስ የእጃቸውን አፈር አራገፉ። ከዚያ የተናገሩትን ይኸው፤ በኦሮምኛ ያሉትን እንደ ቻልኩ በአማርኛ አድርጌዋለሁ።

«ፈረሱን መገርሳ አልገደለም። እኔ ነኝ የሰጠሁት። መንገድ ላይ የልጁ ሰውነት ቀዝቅዞብኝ ትንፋሹ ጠፋ። ማርያምን ‹ዳማን ውሰጂ፣ ይህን ልጅ ተዪልኝ› አልኳት። ‹ከተውሽልኝ ዳግመኛ ኮርቻ ላይ አልወጣም፣ በእግሬ እየሄድኩ አመሰግንሻለሁ› ብዬ ተሳልኩ። ወሰደችው። ልጁን ተወችልኝ። ታዲያ ዳማ የኔ ነው? የሷ ነው።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ሰዎች አዝኖ ነው ይላሉ። እኔ በሄድኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር ልጄ አለ እላለሁ።» ስለዚያ ዝምታስ አልኳቸው፣ ስትመለሱ በመንገድ ላይ ስለነበረው። ደንግጠው አዩኝ። «ዝም ያልኩት ትንፋሹን እየሰማሁ ነበር» አሉ።

ይኸው ነው፣ መገርሳ። እሳቸው እያመሰገኑ ሲሄዱ አንተ እየተቀጣህ መሰለህ። አገሩም እኔም ሐዘን ነው ብለን ፈረድን። ስለት የተሳለ ሰው ስለቱን አያወራም፤ እኛም አንጠይቅም። ሃያ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ስሕተት! ተናድጄ ነበር፣ ግን በማን ልናደድ?

ስሄድ በሩ ላይ ጠሩኝ። «በሞተር ለሚሄድ ነገር ስሙን መስጠት አልችልም፤ ቃሌን ማፍረስ ነው። እነዚያ ልጆች ግን የሚሮጡት በእግራቸው አይደለም ወይ? ይውሰዱት። የኔ ስላልሆነ ነበር እምቢ ያልኩት፤ ለሚያመሰግን ከሆነ ግን እሷም አትከፋም» አሉ። በማግስቱ ቀይ ክሬን አወጣሁና የባዶውን ደረት ነገር ጨረስኩት። ማሙሽ ሲያየው ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ቆመ። ትልቅ ሰው ሆኖ ሲያለቅስ እንዳላየው ብዬ መቀሴን ስፈልግ ቆየሁ።

አሁን የጨዋታውን ቀን ልንገርህ። ዳምጤ ስሙን ቢያጣም ቃሉን አላጠፈም፤ ልጆቹን በመኪናው ጫነ። እኔ ጋቢና ገባሁ። ወደ ጎሬ ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከፊታችን አንድ ሽማግሌ በትር ይዘው ይሄዳሉ። አጎትህ ናቸው። ጨዋታውን ሊያዩ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ኖሯል። ማሙሽ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ። ዳምጤ አቆመ። ማሙሽ ለማንም አንድ ነገር ሳይል ዘሎ ወረደ። ሌሎቹም ተከትለው ወረዱ፤ ነጭ ማሊያ፣ ቀይ ዳማ፣ ከሽማግሌው ኋላ ተሰለፉ። እሳቸው ዞረው አዩዋቸውና «ምን ሆናችሁ? መኪናው ተበላሸ?» አሉ። ማሙሽ «አባ ዳማ፣ ስሙን ይዘን እንዴት ተሳፍረን እንለፍዎ?» አላቸው።

እኔም ጋቢና ውስጥ ትንሽ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወገቤን ረግሜ ወረድኩ።

ዳምጤ ባዶ መኪናውን ይዞ በአንደኛ ማርሽ ከኋላችን ሲጎተት ጎሬ ገባን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የጎሬ ሰው ያን ጊዜውኑ መኪናውን «አጃቢ» ብሎ ሰየመው። ዳምጤ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ዛሬ ግን ግንባሩ ላይ በትልቁ አስጽፎታል፣ ስም ያወጣው እሱ ራሱ ይመስል።

ተሸነፍን። ሦስት ለአንድ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሄደ ልጅ ምን ጉልበት ይኖረዋል? ግን የጎሬ ሽማግሌዎች አጎትህን አውቀዋቸው ከሹማምንቱ ጎን አስቀመጧቸው፤ ልጆቻችን አንዷን ሲያገቡ የጎሬም ሰው «ዳማ» ብሎ ጮኸ። ሲያልቅ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። አጎትህ አንድ በአንድ ዓይተዋቸው «የታመመ አለ? ሁሉም በእግሩ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ደኅና ናቸው ስላቸው «ታዲያ ምን ጎደለ?» አሉ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቅሁ።

ለአንተ ያሉት ይኸው ነው፦ «ሆሪ፣ ቡሊ፤ ርባ፣ ኑር። ምስጋናህን ተቀብያለሁ፤ ግን ለሷም አካፍያታለሁ። ሳል ከሌለብህ ና።»

መልስህን እጠብቃለሁ። እንደ ድሮው ብትቆይ ግን ፖስታ ቤቱ ይመሰክርብሃል።

እህትህ፣ ፈትለወርቅ

—

ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለእትዬ ፈትለወርቅ፤ መቱ።

ሳል የለብኝም።

ለአጎቴ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይንገሯቸው። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት፤ ተቀመጥ ያሉኝን ሳላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆንክ ሲሉኝ «ከአገሬ ምሥራች መጥቶልኝ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ፋብሪካው እንድቀር ጠይቆኝ ነበር፤ ለአንድም ሰው አልነገርኩም እንጂ እሺ ልል ተቃርቤ ነበር። ዛሬ አመስግኜ ተሰናበትኩ። እርስዎን ግን በምን ላመስግን? ዝምታችንን በጀርባዎ ያመላለሱት እርስዎ ነዎት። የሩቅ ዘመድ ነን ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እንግዲህ ከእርስዎ የሚቀርብ ዘመድ የለኝም።

በመጋቢት በአይሮፕላን ጎሬ እደርሳለሁ። ዳምጤ አጃቢን ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ሻንጣዬን ይጫንልኝ፣ ወገብዎን ደግሞ ጋቢና ያስቀምጥልኝ፤ የዚያን ቀንስ መውረድ የለም። እኔ ግን አልሳፈርም። አጎቴ እስከ ጎሬ መምጣት ከቻሉ እንዲጠብቁኝ ይንገሩልኝ፤ ካልቻሉም ወዳሉበት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እጃቸውን ይዤ በእግራችን እንሄደዋለን፤ በዚህ ጊዜ እያወራን።

ልጅዎ፣
መገርሳ ዲንቃ